ኮረንቲው ከመወቀሱ በፊት
ቀስ ብሎ ስለሚሞላ ስልክ በወልድያ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከሲሪንቃና ከግራና መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ የሀብሩ ወረዳ ሰዎች፤ እናንተም የወልድያ ልጆች፦ ስለ ስልክ ቻርጅ ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይሰበሰባል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ አዘጋጆቹ እስካሁን ወንበር እያመላለሱ ነው። ለካ በየቤታችን ያለ ጣጣ ኖሯል። አብሽሩ፣ አብዛኛው መላ ያለው ነው። መላውም ብዙ ጊዜ ብር አያስወጣም፤ ቢያስወጣም የአንድ ገመድ ዋጋ ነው።

የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው። ስልክ ቀስ ብሎ ሲሞላብን ሁልጊዜ የምንከሳቸው ሁለት ናቸው፤ መብራቱና ባትሪው። «ኮረንቲው ደካማ ነው» እንላለን፤ እሱ ካልሆነ ደግሞ «ባትሪው አርጅቷል» ብለን ጥገና ቤት እንሄዳለን። እኔ ግን ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጥፋታቸው እንደሚወቀሱ፣ ጥፋቱ ያለው በመካከላቸው፣ ማለትም በቻርጀሩ ራስ፣ በገመዱና በስልኩ ቀዳዳ እንደሆነ ላስረዳችሁ ነው። በመጀመሪያ ስለ መብራቱ እናገራለሁ። ቀጥዬ ስለ ራሱና ስለ ገመዱ፤ እዚያ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ከዚያ ወደ ቀዳዳውና ወደ ባትሪው አልፌ፣ መብራት ባልገባባቸው ቀበሌዎች በሶላር ስለሚሞላው ስልክ ተናግሬ አበቃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የዛሬው ስልክ የድሮው እንዳልሆነ እናስታውስ። ሞባይል ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ወደ እኛ ወደ ገጠሩ ዘልቃ የገባችው ደግሞ ያቺ ባለ ባትሪ መብራቷ ትንሽ ኖኪያ ነበረች። በውስጧ የነበረው ቢኤል 5ሲ የሚባለው ባትሪ ቢበዛ 1,020 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዝ ነበር። አንድ ጊዜ ከሞላች ቀናት ትቆያለች። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ ወይም ሳምሰንግ ግን አብዛኛው 5,000 ነው፤ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ያንን በድሮው ቻርጀር ሞልቼ እወጣለሁ የሚል ሰው ስልኩን ባይወቅሰው ጥሩ ነው።

ስልክ መዘጋቱም እንደ ድሮው ወሬ ማቋረጥ ብቻ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የሱቁ ሂሳብ፣ የልጅ ኪስ ገንዘብ፣ የትራንስፖርቱ ክፍያ በስልክ ሆኗል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማችን በጦርነት ውስጥ በነበረችባቸው ወራት መብራቱም ኔትወርኩም ተቋርጦ ነበር። ያኔ ትንሽ ሶላር ያለው ቤት ስንት እንግዳ ያስተናግድ እንደነበር ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስልክ የሚሞላው ለመደወል እንኳ አልነበረም፤ ለራዲዮውና ለመብራቱ ነበር እንጂ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ተከሳሽ ልሂድ። የአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ግን ቮልቱ ይወርዳል፤ አምፖሉ ይቀላል፣ ምጣዱም አልግል ይላል። ምጣዱ አልግል የሚለው እውነት ነው። 150 ቮልት ላይ የወረደ ኮረንቲ ያገኘ ምጣድ ከሙሉ ኃይሉ ግማሹን እንኳ አያገኝም፤ እንጀራው ዓይን ቢያጣ አይፈረድበትም። ሰው ይህንን ያይና ስልኩም እንደ ምጣዱ ተርቦ ነው ብሎ ይፈርዳል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ማታ ቤት ስትገቡ የቻርጀራችሁን ራስ ገልብጡና ደቃቋን ጽሑፍ አንብቡ፤ ዓይን ላልረዳው ልጆች ያንብቡለት። «ኢንፑት» ከሚለው ፊት ለፊት 100–240 ቮልት የሚል ታገኛላችሁ። ይህ ማለት ደህና ቻርጀር ከ100 ቮልት ጀምሮ የመጣለትን ተቀብሎ፣ ሲያንሰው ከመስመሩ ትንሽ ጨምሮ እየሳበ፣ ለስልኩ ያንኑ 5 ቮልት ይሰጣል ማለት ነው። የሚፈልገውም ኃይል ኢምንት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋት አካባቢ ሲበላ የተለመደው ቻርጀር 10 ዋት ይበቃዋል፤ ሦስት መቶ እጥፍ ልዩነት ነው። ስለዚህ አምፖሉ ቢቀላም መብራቱ እስካለ ድረስ ደህና ቻርጀር ሥራውን አያጓድልም። ምሽት ላይ የሚሰንፍ ቻርጀር ካያችሁ፣ ጽሑፉ ከውስጡ ጋር የማይገናኝ ርካሽ ቻርጀር ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

መብራቱን ከጥፋት ሁሉ ነጻ ማውጣቴ ግን አይደለም። ሄዶ ሲመለስ የሚፈጥረው ዝላይ ቻርጀር ያቃጥላል፤ መብራት ሲጠፋ ነቅሎ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ መሰካት ነው። ሌላው ደግሞ የሶኬት ጉዳይ ነው። ከሳውዲና ከዱባይ የሚመጡት ቻርጀሮች ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ አላቸው፤ የእኛ ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። በመካከል የምናስገባው ማስተላለፊያ ከላላ ይንጣጣል፣ ይግላል፣ ኃይሉም ይቆራረጣል። ተሰክቶ ሳለ ሲነቀነቅ ቻርጁ የሚጠፋና የሚመጣ ከሆነ መቀየር ያለበት ማስተላለፊያው ነው። በዚህ ሰበብ ቤት እንዳይቃጠል ስለምፈራ እንጂ ለቻርጁ ብቻ ብዬ አልነበረም ያነሣሁት።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቻርጀሩ ራስ እንምጣ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፔሩ ስታባዙ ዋቱን ታገኛላችሁ። 5 ቮልት በ1 አምፔር 5 ዋት፣ 5 ቮልት በ2 አምፔር 10 ዋት ነው። የ5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ በውስጡ የሚይዘው 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በመንገድ የሚባክነውን ጨምረን ስናሰላ፣ 5 ዋት ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ 10 ዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይፈጅበታል። ከኮምፒውተር ወይም ከመኪና ዩኤስቢ ቀዳዳ የምናገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግማሽ አምፔር፣ ማለትም 2 ዋት ተኩል ነው፤ በዚህ ሙሉ ቻርጅ 9 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባሱ ዩኤስቢ ሰክቶ፣ ቪዲዮ እያየ መጥቶ፣ «አንድም አልጨመረም» የሚል ሰው ልክ ነው፤ የገባውን ስክሪኑ በልቶታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ስልኩና ቻርጀሩ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይነጋገራሉ። ስልኩ በገመዱ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ሽቦዎች በኩል «ምን ያህል ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካላገኘ፣ ምናልባት የተሰካሁት ደካማ ነገር ላይ ይሆናል ብሎ በግማሽ አምፔር ራሱን ይወስናል። ፈጣን ቻርጅ የሚባለው ሁሉ የዚህ ንግግር ውጤት ነው። ከተስማሙ ቻርጀሩ ከ5 ቮልት ወደ 9 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። ካልተስማሙ፣ በላዩ 33 ዋት የተጻፈበት ቻርጀር ለሌላ ኩባንያ ስልክ 10 ዋት ብቻ ሰጥቶ ሊቆም ይችላል። ብልሽት አይደለም፤ አልተግባቡም እንጂ። በተቃራኒው ትልቅ ቻርጀር ትንሽ ስልክ ያቃጥላል ብላችሁ አትፍሩ፤ ጥራት እስካለው ድረስ መጠኑን የሚወስነው ስልኩ ነው። 65 ዋት የሚሰጥ ራስ 10 ዋት ብቻ በሚቀበል ስልክ ላይ ብትሰኩ 10 ዋት ይሰጣል። የማትጠቀሙበትን 55 ዋት በብር የገዛችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

ይህ የራስና የስልክ አለመግባባት እዚህ አካባቢ በተለይ የበዛበት ምክንያት አለ። አፕል ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ፣ ሳምሰንግም ከ2021 ጀምሮ በውድ ስልኮቹ፣ የቻርጀሩን ራስ ከካርቶኑ አውጥተውታል። እህት ከዐረብ አገር ለፍታ የላከችው ስልክ ሲደርስ ካርቶኑ ውስጥ ገመድ ብቻ አለ። ራሱን ከዚህ እንገዛለን፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ርካሹን። ያ ሁሉ ዋጋ የወጣበት ስልክ በ5 ዋት ይንፏቀቃል፤ ወንድምም ደውሎ «ፌክ ልካብኛለች» ይላል! ስልኩ ኦርጅናል ነው፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ራስ አጥቶ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ ስልክ ሁሉ ታይፕ ሲ ቀዳዳ እንዲኖረው አስገድዷል፤ ጥቅሙ ለእኛም ይደርሳል። ነገር ግን ቀዳዳው አንድ ሆነ ማለት ገመዱና ራሱ ሁሉ እኩል ይሠራሉ ማለት አይደለም።

አሁን እጄን ተመልከቱ። ሁለት ገመድ ይዣለሁ፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም አንድ ሜትር ናቸው። ከሩቅ ብታዩዋቸው መንታ ናቸው። ሁለቱንም ጠዋት በምላጭ ሰንጥቄያቸዋለሁ። በዚህኛው ውስጥ አራት ሽቦ አለ፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ነጭ። ቀዩና ጥቁሩ ኃይል ይወስዳሉ፤ ወፈር ብለዋል። አረንጓዴውና ነጩ ቅድም ያልኳችሁን ንግግር የሚያካሂዱት ናቸው። በዚያኛው ውስጥ ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ እነሱም ፀጉር ያክላሉ። የቀረው ሁሉ ፕላስቲክ ነው። ወደ ኋላ አሳልፉትና ሁላችሁም እዩት።

የሽቦ መቅጠን ለምን ይጎዳል? ቀጭን ሽቦ ኃይሉን በራሱ ላይ ያስቀራል። ቀጭን የሚባለው የገመድ ዓይነት፣ አንድ ሜትር ሆኖ 2 አምፔር ሲያልፍበት ከ5 ቮልቱ 0.8 ያህሉን ይበላዋል፤ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4.2 ነው። በዚህ ቮልት ባትሪ በደንብ መሙላት አይቻልም፤ ስልኩም ቮልቱ እየወረደ መሆኑን ሲያይ የሚስበውን ይቀንሳል። ወፈር ያለው ሽቦ በዚያው ርዝመት የሚበላው ከ0.4 በታች ነው። ገመዱ ሁለት ሜትር ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። አልጋ ላይ ተኝተው ለመነካካት ብለው ረጅም ገመድ የሚገዙ ወጣቶች እዚህ አሉ፤ ማንነታቸውን አልናገርም። አጭርና ወፍራም ግዙ። «ፈጣን» ተብሎ ካርቶን ላይ የተጻፈው ማስረጃ አይሆንም፤ ማተሚያ ቤት የታዘዘውን ነው የሚያትመው።

ታዲያ ጥፋተኛው ራሱ ይሁን ገመዱ በምን ይለያል? መላው አንድ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ መሞከር። ስልኩ 30 በመቶ ሲደርስ ስክሪኑን አጥፍታችሁ ሰኩት፣ 30 ደቂቃ ሳትነኩት ጠብቁና ስንት እንደደረሰ ወረቀት ላይ ጻፉ። ባለ 5,000 ስልክ በ30 ደቂቃ 20 በመቶ ገደማ ከጨመረ 10 ዋት እየገባለት ነው። 10 በመቶ ከጨመረ 5 ዋት ነው። 5 በመቶ ብቻ ከሆነ ቅድም ያልኩት ነገር ደርሷል፤ ስልኩ መልስ አጥቶ በግማሽ አምፔር ተቀምጧል። በሌላ ጊዜ፣ ያንኑ ስልክ በዚያው ራስ፣ የጎረቤትን ገመድ ተውሳችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ገመዱ ነው። ካልተቀየረ ገመዳችሁን መልሱና ራሱን ቀይሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሮ «ተሻለው» ማለት የቱ እንደታመመ ሳያውቁ መዳን ነው፤ በሚቀጥለው ወር እንደገና ሁለቱንም ትገዛላችሁ። ሳምሰንግ የያዛችሁ ስትሰኩት ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ፈጣን መሆኑን ይናገራል። ፈጣን ቻርጁ በሴቲንግ ውስጥ ተዘግቶ እንደሆነም እዩ፤ ልጆች ሲነካኩት ይዘጋል።

ራሱም ገመዱም ደህና ሆነው ስልኩ እምቢ ካለ ወደ ቀዳዳው ነው መሄድ። አንዲት እናት መርሳ ላይ ስልካቸውን አሳዩኝ። ገመዱ ይገባል፤ ግን እስከ መጨረሻው አይደርስም፣ ሲነኩት ይወዛወዛል። ስልኩን የሚይዙት በመቀነታቸው ነው፤ ሥራቸውም ወፍጮ ቤት ነው። አጠፋሁትና በደረቅ የእንጨት ስንጥር ከቀዳዳው ዳር ዳሩን ቀስ ብዬ ጫርኩ። የመቀነቱ ጥጥና የወፍጮው ዱቄት ተጠቅጥቆ፣ ጠንክሮ፣ እንደ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ሆኖ ወጣ። ገመዱ ቀጭ ብሎ ገባ። እሳቸው ባትሪ ሊያስቀይሩ ብር አጠራቅመው ነበር። ቤታችሁ ስትሞክሩት መርፌና ስፒል አትጠቀሙ፤ ብረት ውስጡን ያገናኝና ያበላሻል። በአፍ እፍ ማለትም ጥሩ አይደለም፤ እርጥበት ይገባል። በክረምት ስልኩ የውሃ ጠብታ ምልክት አሳይቶ ቻርጅ አልቀበልም ካለ ደግሞ እልህ አትጋቡ፤ ይድረቅ።

ሁለተኛው ተከሳሽ ባትሪው ነው። በስልካችን ያለው የሊቲየም ባትሪ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ ነው፤ ለዚህ ያበቁት ሦስት ሊቃውንት በ2019 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። የሚሞላበት መንገድ ጤፍ በጆንያ እንደምንሞላው ነው። መጀመሪያ በቁና እየዘገንን እንገለብጣለን፤ አፉ ሲቃረብ ግን በእፍኝ ነው፣ እየነቀነቅን፣ እንዳይፈስ። ባትሪውም እስከ 70 ወይም 80 በመቶ በኃይል ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ሆን ብሎ ይቀንስለታል። የመጨረሻዋ 20 በመቶ ብዙ ደቂቃ መውሰዷ ጤንነት ነው። አንዳንድ ስልክ ደግሞ ባትሪው እንዳይጎዳ 80 ወይም 85 ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ሴቲንግ አለው፤ «80 ላይ ተገተረ» የሚሉኝ ብዙዎቹ ይህ የበራባቸው ናቸው።

ያረጀ ባትሪ ምልክቱ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ አይሞላም፤ እንዲያውም ቶሎ ሞልቶ ቶሎ ያልቃል፣ 30 በመቶ ላይ ሳለም ድንገት ይጠፋል። ሲሞላ መዘግየቱ ብቻ ባትሪ ለማስቀየር ምክንያት አይሆንም። በዚህ ከሚጠግኑት ልጆች ጋር ብንከራከርም ደስ ይለኛል፤ ሁለት ሦስቱ እዚህ ተቀምጠው ፈገግ ሲሉ አያለሁ።

ቻርጅን የሚያዘገዩት ሙቀትና ኔትወርክ ደግሞ አንድ ላይ የሚታዩ ናቸው። ባትሪው 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስልኩ ቻርጁን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። መርሳና ከዚያ ወደ ታች ያለው ቆላ እንደ ወልድያ አይደለም፤ ቀን ቀን ስልክ ትራስ ሥር፣ ወፍራም ሽፋን ለብሶ ሲሞላ በራሱ ሙቀት ይታፈናል። ሽፋኑን አውልቃችሁ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ኔትወርክ በደከመበት ሸለቆ ደግሞ ስልኩ ምሰሶ ፍለጋ ኃይሉን ይጨምርና የገባውን መልሶ ያወጣል። ሲተኙ ፍላይት ሞድ ማድረግ ትልቅ ለውጥ አለው፤ በተለይ ቻርጀሩ ደካማ ከሆነ።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደረስኩ። በሀብሩ ቀበሌዎች ብዙ ሰው ስልኩን የሚሞላው በትንሽ ሶላር ነው፤ ወይም ለገበያ ሲወጣ ከፍሎ። በሶላሩ ላይ የማየው ዋና ስሕተት ስልኩን ከፓነሉ አጠገብ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነው። ፓነሉ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ስልኩ ጥላ ይፈልጋል። ገመዱን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ስልኩን ጥላ ውስጥ አኑሩት። ሌላው ደመና ነው። ዳመን ሲል የፓነሉ ኃይል ይወድቃል፣ ስልኩ ይቋረጣል፤ ፀሐይ ስትመለስ ደግሞ ስልኩ በተቀነሰው መጠን ሊጀምር ይችላል። ነቅሎ እንደገና መሰካት ብቻ ሊያፈጥነው ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፓነሉ ቀን ላይ ፓወር ባንክ እንዲሞላ አድርጎ፣ ማታ ከፓወር ባንኩ ስልኩን መሙላት ነው። በነገራችን ላይ 10,000 የተባለ ፓወር ባንክ ባለ 5,000 ስልክ ሁለት ጊዜ አይሞላም፤ ቮልቱ ሲቀየር ስለሚባክን አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ካደረሰ ሐቀኛ ነው።

ፓነሉ ላይ 10 ዋት ቢጻፍም ያ ቁጥር በፋብሪካ፣ በተመረጠ ብርሃንና በ25 ዲግሪ የተለካ ነው፤ ጣራ ላይ ሲግል ያንሳል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ የፓነሉን ኃይል በእጅጉ ሊያወርደው ይችላል። እኛ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆንን ፓነሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ቢል ይበቃዋል፤ ዝናቡም አቧራውን ያወርድለታል።

አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። ጀርባው ያበጠ፣ ስክሪኑ ከጠርዙ የተነሣ ስልክ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ሞላ ፈጥኖ ሞላ ብሎ እንዳይመረምር። ከዛሬ ማታ ጀምሮ አይሰካው፤ አይጫነው፣ በመርፌም አይውጋው። አጥፍቶ፣ ከሚቃጠል ነገር አርቆ አስቀምጦ ለሚያውቅ ጠጋኝ ይስጠው። ባትሪ መቀየር ግዴታ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ደህና ራስና አንድ ደህና ገመድ አምጥቻለሁ፤ ማከፋፈያውም ተሰክቷል። የራሳችሁን ገመድ ይዛችሁ የመጣችሁ ቅረቡና እናወዳድር። ከሩቅ የመጡትን እናስቀድም፤ የግራና ሰዎች፣ እናንተ ጀምሩ።